ከመቶ ስምንት

«ለከርሞ ለሞጣ ልጆች የትል ክኒን የለም አሉ» አለ ከፊቴ የተቀመጠው መምህር፣ ሚኒባሱ ገና ከመናኸሪያው እንደወጣ። «ጥናት ተጠንቶ ከተማዋ ንጹሕ ሆና ተገኘች። ክኒኑ ወደ ሌላ ወረዳ ይዞራል።» ጓደኛው ሳቀ። «ታዲያ እኔ ክፍል ሦስተኛው ፔሬድ ላይ የሚያንቀላፉት ልጆች በምን ነው የሚያንቀላፉት? በጽድቅ ነው?» ተሳሳቁና ወሬያቸውን ወደ ጤፍ ዋጋ አዞሩት። እኔ ግን ጭኔ ላይ ያስቀመጥኩትን የዳቦ ቆሎ ፌስታል በሁለት እጄ ጨመቅሁት። ያ ጥናት የወንድሜ ጥናት ነው። ቁጥሩን ቤት ለቤት ዞሬ የሰበሰብኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ዛሬ ቢቸና ላይ ውጤቱ ይነገራል ተብሎ ነበር የምሄደው፤ ለእሱም ዳቦ ቆሎ ጠብሼለታለሁ፣ ሲያነብ እየቆረጠመ ማንበብ ከልጅነቱ ይወዳል። ውጤቱ ከእኔ ቀድሞ መምህራን ጆሮ ገብቷል፤ ይሁን፣ ወሬ ከሚኒባስ ይፈጥናል። ግን «ንጹሕ» የሚል ቃል ከየት መጣ? እኔ የነገርኩትን አስገብቶ ቢሆን ኖሮ ከዚያ ጥናት «ንጹሕ» የሚባል ነገር የሚወጣበት ቀዳዳ አልነበረም።

ይርጋነሽ እባላለሁ፤ ሰፈር ውስጥ ግን ሲስተር ነው የሚሉኝ። ሞጣ ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆኜ አሥራ ስድስት ዓመት የሰው ጓሮና የሰው ሽንት ቤት ስቆጥር ኖሬአለሁ። ስጦታው ታናሽ ወንድሜ ነው። እናታችን ስትሞት እሱ ስድስት ዓመቱ፣ እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን መዘርዘር አልወድም፤ ስልኬ ላይ ስሙ «ልጄ» ተብሎ ነው የተመዘገበው፣ ይበቃል። አሁን ዶክተር ነው፤ የሚያክም ዶክተር ግን አይደለም፣ በሽታን በሒሳብ የሚያጠና ነው። መስከረም ላይ ቤቴ መጥቶ ሞዴል የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ ሊያስረዳኝ ሰፌድ ላይ ሽምብራ ዘረገፈ። «ይኼ ሁሉ ልጅ ነው በይ፣ እታለም። ትል ያለበት ልጅ ሜዳ ላይ ይጸዳዳል፤ እንቁላሉ አፈር ውስጥ ይፈለፈላል፤ ሌላው ልጅ በባዶ እግሩ ይረግጠዋል። ከልጅ ወደ አፈር፣ ከአፈር ወደ ልጅ በምን ፍጥነት እንደሚዞር ሒሳቡ ይነግረናል። ስንቱን ልጅ ደም እንደሚያሳንሰው፣ ስንት ዓመት ክኒን ብንሰጥ እንደሚቆም ይነግረናል። ከመቶ ልጅ ከአሥር በታች ከተገኘ ክኒኑን ለሌላ አገር መስጠት ይቻላል።» ከዚያ ሽምብራውን በመዳፉ ሰበሰበና «ሞዴል ወፍጮ ነው» አለኝ። «ጤፍ ካስገባሽ የጤፍ ዱቄት፣ አፈር ካስገባሽ አፈር ነው የሚፈጭልሽ። ቁጥሩን አደራ!» አደራ አለኝ፤ እሱ እኔን።

ጥፋቱ የተጀመረው ከእኔ ነው፣ ይኼን አልሸሽም። ሰገራ ልንሰበስብ ሳምንት ሲቀረን የሴቶች እድር ላይ ተነሣሁና «በሚመጣው ሰኞ የልጆቻችሁን ሰገራ በብልቃጥ ልንቀበል እንመጣለን፤ የሚያጠናው ወንድሜ ነው፣ አታሳፍሩኝ!» አልኩ። ማለቴ ብልቃጡን አትጣሉት፣ ልጆቹን አትደብቁብኝ ነበር። እነሱ የሰሙት ሌላ ነው። እንግዳ ይመጣል ከተባለ ቤት ይጠረጋል፣ ልጅ ይታጠባል፤ የእኛ አገር ሴት ከነጉድፏ እንግዳ አትቀበልም። በዚያ ሳምንት ባለፋርማሲው የኔሰው የትል ክኒን አልቆበት ሁለት ጊዜ ከባሕር ዳር አስመጣ። ክኒን ያልገዛችው ኮሶ አጠጣች። ሰኞ ጠዋት መቶ ሃምሳው ብልቃጥ አንድ ሳይጎድል መጣልኝ፤ እኔም ሞኟ፣ እንዴት ያለ ታዛዥ ሕዝብ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ነገሩን ያወቅሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ የኔሰው «እናንተ ታጠናላችሁ፣ እኔ አተርፋለሁ» እያለ ሲስቅብኝ ነው። ሞት ይርሳኝ! በየቤቱ እንደገና ዞርኩ። ከመቶ ሃምሳው ልጅ መቶ አሥራ ሁለቱ በዚያው ሳምንት መድኃኒት ወስደዋል። ያልወሰዱት ሠላሳ ስምንት ብቻ ናቸው፤ በላቦራቶሪው ውጤት ከእነሱ አሥራ አንዱ ትል ተገኝቶባቸዋል። የሁሉንም ስም በማስታወሻ ጽፌ፣ ፎቶ አንሥቼ በቴሌግራም ላክሁለት። በዚያው ቀን መለሰልኝ፦ «ደርሶኛል እታለም። አስገባዋለሁ። አታስቢ።» እኔም አላሰብኩም።

ጉንደ ወይን ላይ ሾፌሩ ጎማ ሊያስነፋ ቆመ። ሻይ አሥራ አምስት ብር ገብቷል፤ ሻይዋም ስኳር አልነበራትም። ቆሜ ስጠጣ ጠዋት ከቤት ስወጣ በር ላይ የጠበቀችኝ ጎረቤቴ ፈንታነሽ ትዝ አለችኝ። የሰባት ዓመት ልጇን ሄለንን አቅፋ ነበር፤ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ እኮ አይታቀፍም። «መራመድ ሰለቸኝ ትለኛለች፣ ሲስተር» አለችኝ። የልጅቷን የዓይን ሽፋን ገለበጥ አድርጌ አየሁት፤ ነጭ ነው፣ ደም የሚባል የለውም። ግድግዳ እየፋቀች አፈር ትልሳለች። ሄለን ጥቅምት ላይ ከመቶ አሥራ ሁለቱ አንዷ ነበረች፤ ክኒኑን ውጣ ንጹሕ ወጣች፤ ከዚያ ያው ሜዳ ላይ፣ ከእነዚያው ልጆች ጋር፣ በባዶ እግሯ ስትሮጥ ከረመች። አንዷን ብቻ ብታክሚ ትርፉ ይኼው ነው፤ ትምህርት ቤቱ በሙሉ በአንድ ቀን ካልዋጠ አፈሩ መልሶ ይሰጣታል። ለዚህ ነው የዓመቱ ክኒን የሚያስፈልገን። ፈንታነሽ ግን እሱን አላሰበችም። «ስትመለሺ ንገሪኝ፤ አለፍን ወይስ ወደቅን?» አለችኝ፣ እንደ ፈተና።

ቢቸና ሦስት ሰዓት ሲሆን ደረስን። ስብሰባው በአንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው፤ የሠርግ አዳራሽ ነው፣ መጋረጃው ሐምራዊ፣ ወንበሩ ነጭ ጨርቅ የለበሰ። ሙሽሮች የሚቀመጡበት መድረክ ላይ ፕሮጀክተር አቁመዋል። ከጓዳው የሽንኩርት ቁሌት ይሸታል፤ ሰዎቹ በየጥጉ ስለ አበል ያወራሉ። ስጦታው በሩ ላይ አገኘኝ። ኮቱ አዲስ ነው። ደጋግሞ ሳመኝና «እታለም፣ ደከመሽ?» አለኝ። ሰላምታውን ሳልጨርስ «ማስታወሻዬን አስገብተኸዋል?» አልኩት። ዓይኑ ከትከሻዬ በላይ አለፈ። «ቁርስ በልተሻል? ግቢ ተቀመጪ፣ ከስብሰባው በኋላ በደንብ እናወራለን።» ልጅ ሳለ ማድጋ የሰበረ ዕለትም «እታለም፣ ራበሽ?» ብሎ ነበር የተቀበለኝ። ዳቦ ቆሎዬን ሳልሰጠው ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ።

ገለጻው ረጅም ነበር። የብዙውን ቋንቋ አላውቀውም፤ ኩርባ መስመር ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እሱ በቀይ መብራት እየጠቆመ ይናገራል። ያምርበታል፣ ምን ይዋሻል። አነጋገሩን፣ ቀልዱን፣ ሰው ሲጠይቀው ራሱን ዘንበል አድርጎ የሚሰማበትን ሳይ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ ለጊዜው የመጣሁበትንም ረሳሁ። ከዚያ ካርታው መጣ። አሥራ አንድ ወረዳ፤ ቀይ፣ ብጫ፣ አረንጓዴ። ሞጣ አረንጓዴ። «ሞጣ ከተማ፣ ከመቶ ስምንት» አለ ድምፁ ሳይሰናከል። «ስለዚህ ከመጪው መስከረም ጀምሮ የክኒን ዕደላውን ለሁለት ዓመት አቁመን ኮታውን ወደ ቀዮቹ ማዛወር እንችላለን።» በልቤ አሰላሁ። መቶ ሃምሳ ልጅ፣ አሥራ ሁለት ትል ያለበት፤ ይኼ ስምንት እኮ ያው የመጀመሪያው ቁጥር ነው! አሥራ አንዱ ካልወሰዱት፣ አንዱ ከወሰዱት። አንድ ነገር አልተጨመረበትም፣ አንድ ነገር አልተቀነሰበትም። የላክሁለት ወረቀት የት ሄደ?

ጋሼ ሀብተ ሥላሴ እጃቸውን አወጡ። ሞጣ ላይ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናቸው፣ ውጤቱን የሚያጸድቀው ኮሚቴም አባል። «ይቅርታ ዶክተር፤ እኔ ዓይኔን ማይክሮስኮፕ ላይ ከተከልኩ ሠላሳ ዓመቴ ነው። ባለፈው ሳምንት ከመጡልኝ አርባ ልጆች አሥራ አራቱ ላይ እንቁላል አይቻለሁ። ይኼ ስምንት የሚሉት የትኛው ሞጣ ነው?» ሰው ሳቀ። ስጦታውም አብሮ ሳቀ። «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ጋሼ። እርስዎ ዘንድ የሚመጣው የታመመ ነው፤ ከታመመ መሃል በሽታ ማግኘት አይደንቅም። ሞዴሉ የሚናገረው ስለ ጠቅላላው ሕዝብ ነው።» እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ! አላቆመም። «ሞዴሉ ራሱ ላይ ችግር የለም። ችግር አለ ከተባለ መረጃ አሰባሰቡ ላይ ሊሆን ይችላል፤ እንደምታውቁት ሰብሳቢዎቹ ለምርምር የሠለጠኑ አይደሉም።» የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይኼ ነው። ከሰብሳቢዎቹ አንዷ ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች፤ ፌስታሏን ታቅፋ።

የሻይ ዕረፍት ላይ ምስራቅ የምትባለው፣ ከስጦታው ሥር የምትማር፣ ላፕቶፑን ስታሠራለት የነበረች ልጅ አጠገቤ መጣች። ቦምቦሊኖዋን አልነካችውም፤ በሶፍት ጠቅልላ ይዛዋለች። «እትዬ ይርጋነሽ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ ቀስ ብላ። «ነኝ።» ዞር ዞር ብላ አየች። «ሞዴሉን ሁለት ጊዜ ነው ያሠራነው። የእርስዎን ማስታወሻ አስገብተን፣ መድኃኒት የወሰዱትን አውጥተን ስናሠራው ሞጣ ከመቶ ሃያ ዘጠኝ መጣች። ቀይ ነበረች። እኔ ነኝ ቀለሙን የቀባሁት።» «ከዚያስ?» «ከዚያማ... ከመቶ ሃምሳ ሠላሳ ስምንት ልጅ ብቻ ይቀራል፣ ሠላሳ ስምንት ይዘን የሳይንስ መጽሔቶች ጽሑፉን አይቀበሉንም አሉ፣ ዶክተር። በስምንቱ እንሂድ አሉ።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እባክዎ እኔ እንደነገርኩዎ አይበሉ፤ የመመረቂያ ወረቀቴ እሳቸው እጅ ነው።» አልልም አልኳት። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ ስወድቅ ድምፁ ይኼን ያህል ቀስ ያለ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። ሻዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ስንመለስ እጄን አወጣሁ። ማይክ ሰጡኝ፤ ማይክ ይዤ አላውቅም፣ የራሴ ድምፅ አስደነገጠኝ። «የሞጣን ቁጥር የሰበሰብኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ጥፋት አጥፍቻለሁ። ቀኑን ቀድሜ ተናገርኩ፣ አታሳፍሩኝ አልኩ፣ እናቶቹ ልጆቻቸውን ክኒንና ኮሶ አጠጥተው አጥበው ላኩልኝ። ስምንቱ የታጠቡት ልጆች ቁጥር ነው።» አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ አንዱማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቅሁ። «ግን ስህተቴን እንዳወቅሁ ማን እንደወሰደ፣ ማን እንዳልወሰደ ስም በስም ጽፌ ለዶክተር ስጦታው ልኬላቸዋለሁ።» ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ አልኩት። የኮሚቴው ሰብሳቢ ወደ እሱ ዞረ። ስጦታው መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። «ወይዘሮ ይርጋነሽ ለሥራው ያላቸውን ቅንነት አደንቃለሁ» አለ። «የተባለው ማስታወሻ ግን አልደረሰኝም።»

አልደረሰኝም! ወይዘሮ ይርጋነሽ! ወይ ጉድ፣ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ሰብሳቢው «ማስረጃ አለሽ፣ እኅቴ?» ሲለኝ ስልኬ እጄ ላይ ነበር። ቴሌግራሙን ከፍቼ ወደ ላይ መሳብ ብቻ ነው፤ ፎቶው አለ፣ «ደርሶኛል እታለም» አለ፣ ቀኑ አለ። ስጦታው ከመድረኩ ላይ አየኝ። ፊቱ ላይ ልመና ያለ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ሳስበው ልመና አልነበረም። እኔ ግን ያየሁት ስድስት ዓመት የሆነውን፣ እናታችን ስትቀበር ቀሚሴን ይዞ የቆመውን ነው። ይኼ ሁሉ ሰው ፊት፣ መምህሩ፣ ተማሪው፣ አለቃው ፊት ላዋርደው? በእኔ እጅ? «የለኝም» አልኩ። ማይኩን መለስኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን እዚያው ወንበሩ ላይ ነቀዘብኝ። ሰብሳቢው ለጸሐፊው እየነገረ አስጻፈ፤ መረጃ ሰብሳቢዋ መመሪያ መጣሷን በራሷ አንደበት አምናለች፣ ለወደፊት በጥናት ሥራ እንዳትሳተፍ፤ በቃል በተነገረ ነገር የአሥራ አንድ ወረዳ ውጤት ስለማይታጠፍ የሞጣ ውጤት ባለበት ይጽና፤ ቃለ ጉባኤው ነገ ጠዋት ተፈርሞ ይላክ። ጋሼ ሀብተ ሥላሴ ዞረው ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

ምሳ ላይ ጥብስና ቀይ ወጥ ቀረበ። መሄድ ነበረብኝ፤ አልሄድኩም፣ ይሉኝታ እግሬን ያዘኝ። ስጦታው ከትልልቆቹ ጠረጴዛ ተነሥቶ ጉርሻ ጠቅልሎ በአዳራሹ መሃል አልፎ ወደ እኔ መጣ። «ይቺ እኮ እናቴ ናት!» አለ ጮክ ብሎ። «እሷ ናት ያሳደገችኝ። ስህተቷን በአደባባይ ያመነች ጀግና!» ሰው አጨበጨበ። «እሰይ! ተባረክ!» ተባለ። ከአንድ ሰዓት በፊት ወይዘሮ ነበርኩ። አፌን እንዴት ልዝጋ? ጎረስኩት። ጎጃም ውስጥ በሰው ፊት የወንድሟን ጉርሻ የመለሰች ሴት የለችም፤ እኔም አልሆንኩም። አኘክሁት፣ ዋጥሁት፣ ሰዎቹ ፈገግ አሉ፣ እኔም ፈገግ አልኩ። እስከ ዛሬ ድረስ ከዚያ ቀን ሁሉ የሚያንገበግበኝ እሷ ጉርሻ ናት።

እጁን ሊታጠብ ሲወጣ ከአዳራሹ ጀርባ፣ የውሃ ሮቶው ሥር ተከተልኩት። «ሃያ ዘጠኝ» አልኩት። ቧንቧውን ሳይዘጋ ቆመ። ማን ነገረሽ አላለኝም፣ ለዚያ ጊዜ አልነበረውም። «እታለም፣ ጽሑፉ ታትሟል። መስከረም ወደ ውጭ የምሄደው በእሱ ነው። አሁን ከተነካ ሁሉም ይፈርሳል፣ የሦስት ዓመት ሥራ! ደግሞ የሞዴሉ ቁም ነገር አሥራ አንዱ ወረዳ ነው፤ አንዲት ከተማ አታፈርሰውም።» «አንዲቷ ከተማ ውስጥ ሄለን አለች» አልኩት። «ማናት ሄለን?» አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ አያውቃትም። «እሺ እኔንስ? ሰብሳቢዋ ናት ጥፋተኛዋ ብለህ እንዴት ትሸጠኛለህ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምን ይደርስብሻል? አንቺ ቋሚ ሠራተኛ ነሽ፣ የሚያባርርሽ የለም። ጥናት ላይ አትሳተፍ ተባለ እንጂ! እኔ ላይ ቢሆን ግን አለቀልኝ። አሰብኩበት፣ እታለም። ያን ያህል የማትጎጂው አንቺ ነሽ።» ከዚያ እጄን ይዞ ሳመው። «ስልክሽን እንደማታሳዪ አውቅ ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

አውቅ ነበር አለኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ትሉን ብቻ አይደለም ያሰላው፣ እኔንም አስልቶኛል። ይርጋነሽ ትበሳጫለች፣ ትናገራለች፣ ስልኳ ላይ ሲደርስ ትቆማለች ብሎ ቀድሞ ጨርሷል። ደግሞም ልክ ነበር፣ ቆምኩለት! እንደ ሌባ ቢሰርቀኝ፣ እንደ ደንጋጣ ቢዋሸኝ ይቅር እለው ነበር። ፍቅሬን ሒሳብ ውስጥ ከቶ ፈጨብኝ። እጄን ከእጁ አወጣሁ። «አንተ ልጅ» አልኩት፣ «እናታችን እንኳንም ሞተች።» ይኼን በማለቴ ወዲያው ደነገጥኩ፤ እሱም ደነገጠ። ቧንቧው እየፈሰሰ ትቼው ወጣሁ።

የመመለሻው ሚኒባስ ሦስት መቶ ብር አስከፈለን፤ ጠዋት ሁለት መቶ ሃምሳ ነበር፣ ቀኑ ሲመሽ መንገዱ ይረዝማል መሰለኝ። አንዲት ሴት ዶሮዎቿን እግሬ ሥር አስቀምጣ እስከ ጉንደ ወይን ስለ ልጇ ሠርግ አወራችኝ፤ እኔም «እሰይ፣ እሰይ» እያልኩ አንድ ቃል ሳልሰማ ሄድኩ። ሆዴ ውስጥ ያቺ ጉርሻ አለች። ስልኬን አወጣሁ፣ «ልጄ» የሚለውን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። እኔ ጥፋቴን አምኛለሁ፤ እሱ ይማራል፣ ይሄዳል፣ ደህና ይሆናል፤ ሁለት ዓመት ምን አላት፣ ታልፋለች እያልኩ ራሴን ሳባብል ሞጣ ደረስን። አሥራ አንድ ሰዓት ነበር፤ ፀሐይ ገና አልገባችም።

ሰፈር ስደርስ እልልታ ሰማሁ። እግዜር ያሳያችሁ፣ እልልታ! የጠዋቶቹ መምህራን ወሬ እዚህም ደርሷል። ፈንታነሽ ግቢ ስምንት ዘጠኝ ሴቶች ተሰብስበው፣ ጠላ ተቀድቶ፣ ሞጣ ከአሥራ አንድ ወረዳ ንጹሕ ተብላለች እያሉ ይሳሳቃሉ። ሲያዩኝ ተነሡ። ፈንታነሽ እጄን ይዛ ጎተተችኝ፤ ፊቷ እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም። «አለፍን አሉ! በይ ንገሪን እስቲ፣ አላሳፈርንሽም አይደል፣ ሲስተር?» ሄለን በርጩማ ላይ ተቀምጣ ግድግዳው ላይ ተደግፋለች። ጣቷ ጭቃውን እየፋቀ ነው። ዳቦ ቆሎውን ፌስታል ከፍቼ ጭኗ ላይ አደረግሁላት፤ አንድ ፍሬ ወስዳ በእጇ ይዛው ቀረች፣ ማኘኩ ደክሟት።

ነገርኳቸው። ቆሜ፣ ጠላውን ሳልቀበል፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው፤ ስለ ብልቃጡ፣ ስለ ስምንቱ፣ ስለ ሃያ ዘጠኙ፣ መስከረም ላይ ክኒን እንደማይመጣ። የወንድሜንም ነገር ነገርኳቸው። ከሴቶቹ ትልቋ እማሆይ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም አሉ አባቶች» ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ፈንታነሽ እጄን ለቀቀች። «ታዲያ ስለታጠብን ነው የተከለከልን?» አለች። «እኔ እኮ ያንን ክኒን ለመግዛት ጫማዋን ሳልገዛ ቀረሁ። አንቺን ላለማሳፈር ነው፣ ሲስተር። አንቺን አምነን ነው።» በቁጣ አላለችውም፤ በቁጣ ብትለው ይሻለኝ ነበር። የልጇን ባዶ እግር አየሁ። እኔም ለካ አድርጌዋለሁ። እሱ በእኔ ያደረገውን እኔ በእነሱ አድርጌዋለሁ፤ ያመነኝን ሰው አፌን ዘግቼ ሸጥኩት፣ ያውም ማስረጃው እጄ ላይ እያለ።

እዚያው ቆሜ ስልኬን አወጣሁ። የስም ዝርዝሩን ፎቶ፣ የላክሁበትን ቀን፣ «ደርሶኛል እታለም፤ አስገባዋለሁ፤ አታስቢ» የሚለውን፣ ሁሉንም አንድ ላይ አድርጌ ቢቸና ለቀሩት ለጋሼ ሀብተ ሥላሴ ላክሁት። ሥሩ ላይ «ማስረጃ የለኝም ያልኩት ዋሽቼ ነው፤ ነገ ሳይፈረም ለኮሚቴው ያቅርቡልኝ» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ ተሳስቼ አረምኩት። ጋሼ ሀብተ ሥላሴ ብዙም ሳይቆዩ መለሱ፦ «እጠብቅሽ ነበር። ለሰብሳቢው አሁኑኑ አሳየዋለሁ።»

ሴቶቹ አንድ በአንድ ተነሥተው ሲሄዱ እኔ ከፈንታነሽ ጋር ቀረሁ። ጠላው እንደተቀዳ አለ። ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ ስልኬ ላይ ጽሑፍ ገባ። «ልጄ» ይላል። «እታለም ምን አደረግሽ? ያለሁት በአንቺ እጅ ነው። ውሸት ነበር፣ «ደርሶኛል» የሚለውን ራሴ ነኝ የጻፍኩት በያቸው። በእናታችን ሞት።» እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ ከዚያ ደግሜ አነበብኩት። ወዲያው ደወለ። ፈንታነሽ ቀና ብላ አየችኝ። አነሣሁት። እያለቀሰ ነበር፤ ልቅሶውን ከሕፃንነቱ ስለማውቀው ማስመሰል እንዳልሆነ አውቄያለሁ፤ አንጀቴን በላው።

«እታለም፣ የላክሁልሽ ጽሑፍ ደረሰሽ?»

«አልደረሰኝም» አልኩት።

ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ በርጩማው አጠገብ ቁጢጥ ብዬ የሄለንን ጣት ከግድግዳው ላይ አነሣሁና፣ ነገ ጠዋት ቁርስ ሳታበላት ክሊኒክ እንድታመጣት ለፈንታነሽ ነገርኳት። «እሺ» አለች፣ ሳታየኝ።